የጓሮው ምድጃ ስንት ፈጀ?

(በማኅበራችን የዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን «ስለ ምድጃው ተናገሩ፤ ሒሳቡንም አብራችሁ አቅርቡ» ስላሉን የቆምነው እኛ የሒሳብ ክፍሎቹ ነን። ሦስት ነን። ሁለቱ «አንቺ ኮሌጅ የተማርሽ ነሽ» ብለው መናገሩን ለአንዳችን ጥለው፣ ያውና እዚያ ጥግ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ከዚህ በፊት የመጣችሁ እንግዶች ሁሉ ምድጃውን ዞር ዞር ብላችሁ ካያችሁ በኋላ የምትጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ፈጀ?» ትላላችሁ። እስከ ዛሬ «1,480 ብር» ስንል ቆይተናል። ደረሰኙም አለ። ግን ለዛሬው ስብሰባ መዝገቡን ስናገላብጥ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ አላገኘነውም። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመጣበታለን፤ መጀመሪያ ምድጃው ለምን እንደተሠራ እንናገር።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ቤት ሐዘን ነበር። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከላይ ሸራ ወጥረን፣ ከታች በጭቃው ላይ ሦስት ጉልቻ አስቀምጠን፣ ትልቁን ድስት ምስር ወጥ ጥደናል። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ከጉልቻዎቹ አንዱ ለካ ከሥሩ ያለው መሬት በዝናቡ ርሶ ቀስ በቀስ እየሰመጠ ነበር። ማንም አላየውም። ድስቱ ሲያዘነብል ለማማሰል ጎንበስ ያለችው እህታችን ወደ ኋላ ለመሸሽ ጊዜ አላገኘችም፤ የፈላው ወጥ ቀኝ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ያደረግነውን ዛሬ ስንናገር እናፍራለን። አንዷ ቅቤ አመጣች፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና አመጣች፤ ሁለቱንም ቀባናት። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው እኛ የቀባነውን ማጠብ ነበር። ቅቤም ሆነ ሳሙና ሙቀቱን እዚያው ቆዳው ላይ አፍኖ እንደሚይዘው፣ የተቃጠለ ሰው ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ሊፈስበት እንደሚገባ የነገረችን እሷ ናት። በረዶም አይደረግም። ውኃው እኮ በባልዲ አጠገባችን ነበር! ይህን ዛሬ ከሰማችሁት ሁሉ ባትረሱት ደስ ይለናል።

እህታችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው የምትተዳደረው። አርባ ቀን ያህል ምጣድ ፊት መቆም አልቻለችም። ማኅበሩ 1,500 ብር ረዳት፤ በመዝገባችን «ለሕክምና ድጋፍ» ተብሎ ተጽፏል። አርባ ቀን ሙሉ ያልጋገረችው እንጀራ ግን የትም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ «ከእንግዲህ በጉልቻ አንጥድም» የሚለው ላይ ሁላችንም ተስማማን። በምን ይተካ የሚለው ላይ ነው የተከራከርነው። ለእንጀራው ችግር አልነበረብንም፤ ብዙዎቻችን ምርጥ የሚባለውን ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ቤታችን አለን፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተሞክሮበታል። ግን ለምጣድ እንጂ ለሃምሳ ሰው ድስት አይሆንም። አንድ ብየዳ ቤት ሄደን የብረት ምድጃ ዋጋ ጠየቅን፤ 11,500 ብር አሉን። እኛ 27 ነን፤ መዋጯችን በወር 100 ብር ነው። ሙሉ አራት ወር ሰብስበን ሌላ ምንም ሳናወጣ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ራሳችን እንሥራው» ተባለ። ቦታው ባሏ የሞተባት አባላችን ጓሮ እንዲሆን እሷው ፈቀደች። «አመዱን ለጎመኔ ተዉልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» ነው ያለችው።

አሁን ስለ መጀመሪያው ምድጃ። እንግዶቻችን አላያችሁትም፤ ደግነቱ ፈርሷል። ጥፋቱ የእኛ የሒሳብ ክፍሎቹ ነው። ከአንዲት አባላችን ቤት ግንባታ የተረፈ ብሎኬት ነበረ፤ ነጻ ነው። ድንጋዩንም ልጆቻችን ከበሬሳ ወንዝ ዳር ለቀሙልን፤ ያም ነጻ ነው። «ነጻ» የሚለውን ቃል ስንሰማ እኛ ሌላ ነገር አንሰማም። ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ በ900 ብር ገዛን፣ ለግንበኛ የአንድ ቀን 800 ብር፣ ለሻይ 80 ብር ከፈልን። መስከረም 2017 ላይ አማረ፣ ተለሰነ፣ ፎቶ ተነሣን።

በሦስተኛው ጥደት ብሎኬቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የሲሚንቶው ልስን እንደ ዱቄት እየረገፈ ወጡ ውስጥ መግባት ጀመረ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃን ከራሱ ጋር አስሮ ነው፤ ኃይለኛ እሳት ያንን ውኃ ሲያወጣበት ጥንካሬው ይሄዳል። ይባስ ብሎ ከወንዝ የመጣው ድንጋይ ፈነዳ። እንደ ጥይት ነው የጮኸው፤ ስንጣሪው ከድስቱ ክዳን ጋር ተጋጭቶ አጥሩ ሥር ወደቀ። ለዓመታት ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በስንጥቁ ውኃ ይይዛል፤ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ የሚሆነው ይኸው ነው። የማኅበራችን ታላቅ እናት ይህን ከእኛ በፊት ያውቁ ኖሯል። «ልጆቼ፣ ጉልቻ ከወንዝ አይለቀምም፤ እናቴም አትለቅምም ነበር» አሉን። «እማማ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው። «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሁለተኛውን እሳቸውን እየጠየቅን ሠራን። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐይና ነፋስ አለ፤ ጭቃ የሚደርቅበት ወር ነው። ለሦስት ቀን በእንጨት ላይ ጨርቅ አስረን ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየን። የእንጨት መክተቻው አፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ከተቀበለ እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ማገዶ ይበላል፣ ነበልባሉም በጎን ይወጣል። ጨርሶ ከተሸፈነ ደግሞ ይጨሳል። ስለዚህ አፉን ወደ ጎን አደረግነው። ከቤቱ ጣራ፣ ከአጥሩና ከባሕር ዛፉ አራት አራት ሜትር ራቅን። የጎረቤት ግቢ ልብስ የሚሰጣበት ወገን የት እንደሆነም ጠየቅን። ከጎረቤት ጋር በጭስ መጣላት ከምድጃው በላይ ያስወጣል።

ጉድጓዱን የቀን ሠራተኛ በ400 ብር ቆፈረልን፤ ወርዱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ አንድ ጥፍር የሚያህል ሳይሆን ሙሉ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠርና አሸዋ ደለደልን፤ ውኃ ሲገባ እንዲሰርግ ነው። ግድግዳው በእሳት የተጠበሰ ቀይ ሸክላ ነው። ሸክላ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ስለሆነ እሳት አያስደነግጠውም። ከፈረሰ አሮጌ ግንብ 70 ያህል አገኘን፤ ለጋሪ ብቻ 250 ብር ከፈልን። የውስጡ ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሬት በላይ ቁመቱ ከጉልበት ዝቅ ያለ። ከፊቱ አንድ ስንዝር ተኩል የሚያህል አፍ አለው።

ማያያዣው ጭቃ ነው። ቀዩ፣ የሚጣበቀው አፈር፣ ከአሸዋና ከጤፍ ጭድ ጋር፤ ጭዱ 150 ብር፣ አሸዋው 200 ብር። አምስት ቀን ውኃ እየጠጣ ቦካ፤ በየቀኑ በእግር ተረገጠ። ቸኩለን በሁለተኛው ቀን ልንጠቀምበት ስንል እማማ «ይሽተት እንጂ፤ ያልሸተተ ጭቃ ይሰነጠቃል» አሉ። ሸተተም።

ከግድግዳው ጫፍ ላይ በሦስት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሸክላ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገን አስቀመጥን፤ ትልቁ ድስት በእነዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። በድስቱና በግድግዳው መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቶ እሳቱ የድስቱን ጎን እየላሰ እንዲወጣ ነው። ድስቱ ግማሹ ምድጃው ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ አያገኘውም፤ ሊያዘነብልም አይችልም። ለትንንሽ ድስትና ለጀበና አራት ቁራጭ ፌሮ ከቁራሌው በ480 ብር ገዝተን በላዩ ጋደምነው። በጭቃ አልመረግነውም፤ ብረት ሲግል ይረዝማል፣ ከታሰረ ግድግዳውን ይገፋል።

አንዷ እህታችን «ውስጡን በአሮጌ ቆርቆሮ እንልበጠው» ብላ ነበር። ይህ እንዳይደረግ። ቆርቆሮው የተለበሰው ዚንክ በኃይለኛ እሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። ቆርቆሮውን ለክዳን አድርገነዋል፤ እሳቱ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚከደነው፤ ዝናብም ሕፃንም እንዳይገባ።

ከተሠራ በኋላ ሁለት ሳምንት እሳት አላየም። ከዚያ በጭራሮ ብቻ፣ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ አሞቅነው። አንዳንድ ጭረት ወጣበት፤ በዚያው ጭቃ ደፈንነው። በየክረምቱ መጨረሻ እንደገና መምረግ እንደሚያስፈልገው ከአሁኑ እንናገር፤ ዘላለማዊ ነገር አልሠራንም።

ማገዶውን መዝግበናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሳይሞላ ነው። ንፍሯችን ለምን አልበስል እያለ እንደሚያስመሸን ያወቅነው ይህን ስንሰማ ነው። ማገዶም የሚፈጀው ለዚሁ ነው። በጉልቻ ጊዜ ለአንድ ዝግጅት አራት ሸክም እንጨት እንገዛ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባደረግናቸው አምስት ዝግጅቶች በአማካይ ሁለት ሸክም ተኩል ሆኗል። ሸክሙን በ250 ብር ብንይዘው በአምስቱ 1,875 ብር ተርፏል። ሁሉንም ለምድጃው አንሰጥም፤ እንጨቱን ጥር ላይ ገዝተን ቆርቆሮ ሥር ማድረቅ ጀምረናል፤ እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ የተወሰነውን የራሱን ውኃ ለማፍላት ነው የሚጨርሰው።

አንድ ነገር ልናልፍ አንችልም። ጥር ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማታ፣ ከዝግጅት በኋላ የተረፈውን ፍም ሁለት እህቶቻችን በማንደጃ ይዘው ወደሚያድሩበት ክፍል ገቡ። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። ጭስ የለውም ብለው ነው። ሌሊት አንዷ ለሽንት ስትነሣ እግሯ ከዳት፣ ራሷ ሊፈነዳ ደረሰ፣ እየዳኸች በሩን ከፈተች። ያ በር ባይከፈት ኖሮ በዚያው ጓሮ የራሳችንን ሐዘን ድስት በጣድን ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። በደንብ የጋመ ፍምም ያወጣዋል። አሁን ደንባችን ይህ ነው፤ ፍም ከጓሮ አይወጣም። ውኃ ይደፋበታል፣ በእንጨት ይገላበጣል፣ እንደገና ይደፋበታል፤ የመጨረሻዋ ሰው አመዱ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጥ ወደ ቤቷ አትሄድም።

እግሯ የተቃጠለው እህታችን እስከ ጥር ድረስ ከድስት ርቃ ሽንኩርት ከምትልጡት ጋር ነበር የምትቀመጠው። በጥሩ ዝግጅት ጊዜ መጣችና ባልተጎዳው እግሯ ድስቱን ገፋ አደረገችው። ድስቱ አልተነቃነቀም። ከዚያ ማማሰያውን ተቀበለች።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። 1,480 ብር የምንለው የሁለተኛው ምድጃ ወጪ ነው። የፈረሰው 1,780 ብር የት ሄደ? ያም የዚህ ምድጃ ወጪ ነው፤ የተማርነው በእሱ ነውና። ሁለቱ ሲደመሩ 3,260 ብር ይሆናል። በዚህ ብናቆም መልካም ነበር፤ ቆመንም ነበር።

ግን የወጪ ማዘዣዎቹን ስናይ፣ ጉድጓዱን ለቆፈረው ልጅ የተከፈለው 400 ብር አለ። ሠርቷል፣ ይገባዋል። በዚያው ሳምንት በዚያው ጉድጓድ ዙሪያ ዘጠኝ አባሎቻችን ጭቃ ረግጠዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፣ አሮጌውን ሸክላ አንድ በአንድ ፍቀዋል። የየሰዉ ሥራ ሲሰበሰብ ሁለት ሁለት ሙሉ ቀን ይሆናል፤ 18 የሥራ ቀን ማለት ነው። በልጁ ሒሳብ 7,200 ብር። በመዝገባችን ለዚህ የተጻፈው ዜሮ ነው። ቆሎውን እንኳ ያመጡት ከየቤታቸው ነው። ሁሉም ሲደመር ምድጃው 10,460 ብር ፈጅቷል። ከብየዳ ቤቱ ዋጋ በ1,040 ብር ብቻ ነው የሚያንሰው፤ ያውም ለመጀመሪያው ያፈሰስነውን ጉልበት ሳንቆጥር። እርግጥ የእኛን ስሕተት የማትደግሙት እናንተ ከዚህ በብዙ ባነሰ ትሠራላችሁ። ግን «ርካሽ ነው» ስትሉ የማን ጉልበት እንዳረከሰው ቁጠሩ።

ይህን በኮሚቴ ስናቀርብ እማማ አልወደዱትም። «ለሐዘን ቤት የሚፈስ ላብ ዋጋ ይተመንለታል? ነገ ደግሞ እንባችንን ልትመዝኑ ነው» አሉ። ከረገጡት አንዷ «እማማ፣ ይከፈለን አላልንም፤ ይጻፍልን ነው ያልነው» አለቻቸው። ክርክሩ ረዘመ። እኛም በሁለት ሐሳብ ቆየን፤ እሳቸው ያሉት ባዶ አይደለም። ማኅበር የሰው ኃይል መቅጠሪያ ቢሮ ከሆነ ማን ለቅሶ ይደርሳል?

የወሰንነው የኅዳርን ገጽ ስናይ ነው። ጭቃ ከረገጡት ዘጠኝ ሴቶች ሦስቱ የወር መዋጮ ውዝፍ የነበረባቸው ናቸው፤ ገንዘብ የሌላቸው ናቸው በጉልበት ቀድመው የመጡት። በዚያው ወር፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ እያለ፣ እኛ በሰማያዊ ቀለም ሃያ ሃያ ብር የመዘግየት ቅጣት ጽፈንባቸዋል። የእጅ ጽሑፉ የእኛ ነው። በደንቡ መሠረት ትክክል ነው፤ ድምሩም ልክ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለጉባኤው እናቀርባለን። የመጀመሪያው ያ 60 ብር ቅጣት እንዲሰረዝ ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ በጋራ በሚያሠራው ሥራ ላይ የዋለ ቀን ሁሉ በስም ተመዝግቦ በዓይነት እንደተደረገ መዋጮ እንዲያዝ፣ ውዝፍ ላለባትም እንዲታሰብላት ነው። የለቅሶ መድረስና የማብሰል ተራ ግን እንደ ጥንቱ ይቀጥላል፤ አይመዘገብም፤ ይህን እማማም ተስማምተውበታል። ረቂቁ በጸሐፊያችን እጅ ነው። የሚቃወም ይቃወም፤ ከእኛ የተሻለ የምታሰላም ካለች እርሳሱ ይኸው።

እንግዶቻችን፣ ምድጃውን መለካት የምትፈልጉ ሜትሩ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቡና ይቀርባል፤ ጀበናው ከፌሮው ላይ ነው፣ እጀታው ግሏልና በጨርቅ ያዙት።